ትንሿ ዓሣና የአንጀት ብግነት

 

ተቅማጥና ቁርጠት ሲደጋገም በየቤታችን የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። «አሜባ ነው» ይባላል፣ ክኒን ይገዛል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በእርግጥ ተሕዋስ ነው። ነገር ግን ደም የተቀላቀለበት፣ ለወራት የሚመላለስና ሰውነት የሚያከሳ ከሆነ ሌላም ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አንጀቱን የሚያቆስልባቸው በሽታዎች አሉ፤ ሐኪሞች ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ይሏቸዋል።

አላህ (ሱ.ወ) በአንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች እንዲኖሩ አድርጓል። ታዲያ የመከላከያ ኃይላችን እነዚህን ጎረቤቶች ሳይነካ የሚኖረው እንዴት ነው? ሰላሙስ የሚደፈርሰው በምን ምክንያት ነው? ይህን በሕያው ሰው አንጀት ውስጥ ቁጭ ብሎ መመልከት አይቻልም። ተመራማሪዎች መልሱን ከሚፈልጉባቸው መንገዶች አንዱ ከጣት የምታንስ፣ የሜዳ አህያ ዓይነት መስመር ያላት ዓሣ ናት። ስሟም ዜብራፊሽ ይባላል። አገሯ ሕንድ፣ ባንግላዴሽና ኔፓል ነው።

እንቁላሏ የሚያድገው ከእናቲቱ ሆድ ውጭ ነው። ጫጩቷ ብርሃን አሳላፊ ስትሆን፣ አንጀቷም በ5ኛው ቀን ገደማ ሥራ ይጀምራል። ኑትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቿ አረንጓዴ እንዲያበሩ ከተደረገ፣ ወደ ቆሰለው ቦታ ሲተሙ ሰውነቷ ሳይቀደድ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። እንስሳን ያለ ምክንያት ማሰቃየት በሸሪዓችን የተከለከለ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዚህች ዓሣ ውስጥ አቻ እንዳላቸው አሳይቷል።

እ.ኤ.አ በ2007 በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር አስገራሚ ነው። ከባክቴሪያዎች ገላ የሚወጣ አንድ መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። የዓሣዋ አንጀት ባክቴሪያዎቹ ሲገቡ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም አመንጭቶ መርዙን ያበርደዋል። ኢንዛይሙ እንዲጎድል ሲደረግ ኑትሮፊሎች አንጀቱን አጥለቀለቁት። ያው ኢንዛይም የጎደላቸው ዓሦች ከማናቸውም ባክቴሪያ ነጻ በሆነ ውኃ ሲያድጉ ግን አንጀታቸው ሰላም ሆነ። እንግዲህ እሳቱ የተነሣው አዲስ ጠላት ገብቶ ሳይሆን የነበረው ማብረጃ በመጉደሉ ነው።

የቁጣውን መልእክት ከሚያደርሱት መካከል ቲ.ኤን.ኤፍ የተባለው ሞለኪውል ይገኝበታል። ይህንኑ ሞለኪውል የሚያግድ መድኃኒት ለክሮንስ ሕሙማን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ1998 ነበር። መድኃኒቱ ከዓሣዋ ጥናት ቀድሞ መጣ ማለት ነው፤ የዓሣዋ ድርሻ መልእክቱ ከየት እንደሚነሣ ማሳየት ነው። በእርግጥ ዓሣ ሰው አይደለችም፤ ይህች ዓሣ ጨጓራ እንኳ የላትም። በእርሷ ላይ የተገኘው ሁሉ በሰው ላይ እስኪረጋገጥ መድኃኒት አይባልም።

በዚህ ዓይነት ሕመም የተያዘ ሰው በቤታችሁ ካለ የታዘዘለትን መድኃኒት ስለተሻለው ብቻ አያቋርጥ። ረመዳን ከመግባቱ በፊትም ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ሐኪሙን ያማክር፤ ለታመመ ሰው ቀኑን በሌላ ጊዜ የመክፈል ፈቃድ አለውና።