ስለ ተረከዝ ጅማት መበጠስ

በሰው አካል ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ እጅግ ወፍራምና ብርቱ የሆነው የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው። ስንራመድ ተረከዛችንን ከመሬት የሚያነሣልን እርሱ ነው። ሆኖም ከተረከዝ በላይ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍሉ የሚደርሰው ደም ጥቂት በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በዚሁ ስፍራ ነው።

ይህ አደጋ በተለይ የሚያገኘው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 50 ዓመት የሆኑትን፣ ሳምንቱን በወንበር ተቀምጠው ውለው በዕረፍት ቀን ኳስ የሚጫወቱትን ወንዶች ነው። ተጎጂው በድንገት ከኋላው በእርግጫ የተመታ ይመስለዋል፤ ዞር ብሎ ቢመለከት ግን ማንም የለም።

አሳሳቹ ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ሌሎች ጡንቻዎች ስለሚያግዙት ሰውየው እያነከሰ መራመድ ይችላል፤ ሕመሙም እየበረደ ይሄዳል። ስለዚህ «ወለምታ ነው» ተብሎ ይታሻል። የተበጠሰው ጅማት ጫፎች ግን እንደ ተራራቁ ይቀራሉ፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጥገናው እጅግ ይከብዳል፤ ሰውየውም በእግሩ ጣቶች ላይ መቆም ይሳነዋል።

ይህን ከወለምታ ለመለየት ሲሞንድስ በ1957፣ ቶምፕሰንም በ1962 እ.ኤ.አ. የገለጹት ቀላል ምርመራ አለ። ተጎጂው በሆዱ ተኝቶ ቁርጭምጭሚቱ ከአልጋው ጠርዝ ይወጣል፤ ከዚያም ባቱ በእጅ ጨመቅ ይደረጋል። ጅማቱ ደኅና ከሆነ የእግሩ ጫፍ ወደ ታች ይዘረጋል፤ ከተበጠሰ ግን አይንቀሳቀስም። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሐኪም ነው።

እስከዚያው ድረስ እግሩን አለማሸት፣ አለመጠምዘዝ፣ በእርሱም አለመቆም ይገባል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ማድረግና እግሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ግን ደም እንዳይዘዋወር ከልክሎ እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። የታሰረ እግር ጣቶች ቢቀዘቅዙ፣ ቢደነዝዙ ወይም ቢጠቁሩ፣ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ተጎጂውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሕክምናው የእግሩ ጫፍ ወደ ታች እንደ ተዘረጋ በጀሶ ማቆየት ወይም ቀዶ ጥገና ነው፤ በጊዜ ከተጀመረ ሁለቱም መልካም ውጤት ይሰጣሉ።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ በስፖርት ሜዳ ከሐኪም ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁና፣ «መራመድ ከቻለ ደኅና ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ታስወግዱልን ዘንድ አደራ እንላለን።