ስድብ ሁሉ ፋላሲ አይደለም

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» ውስጥ ቶሎ የሚይዙት ፋላሲ (የክርክር ስሕተት) አድ ሆሚነም ነው፤ ክርክሩን ትቶ ተከራካሪውን መምታት። ፈተና ላይ ግን ቀላል የመሰለው ይኸው ያደናቅፋቸዋል፤ የሚፈልጉት ስድብ ነውና።

ኮርሱ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። አከፋፈሉም በአብዛኛው የአሜሪካዊውን የፓትሪክ ሀርሊን መማሪያ ይከተላል፤ ሰውን የማጥቃት ስሕተት እዚያ ሦስት መልክ አለው። ሳንሱሲ ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ አንድ አዛውንት «የታክሲ መጫኛው ከመታጠፊያው ይራቅ፤ ሾፌሩ ሲዞር እግረኛ አይታየውም» አሉ እንበል። አንዱ «እኚህ ሰካራም ምን ያውቃሉ?» ይላል። ሁለተኛው ረጋ ብሎ «አባታችን ይህን የሚሉት መጫኛው ሱቃቸው ደጃፍ እንዲመጣላቸው ነው» ይላል። ሦስተኛው «እርስዎስ ትናንት መኪናዎን እዚያው አቁመው አልነበር?» ብሎ ይመልሳል። እግረኛው ይታይ አይታይ ግን ማንም አልተናገረም።

የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል። ሦስተኛው ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያልን አድገናል፤ ተረቱ ሰውየውን ዝም ሊያሰኝ ይችላል እንጂ ነገሩን አያፈርስም። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ጨዋ ነው፤ ምናልባትም እውነት ነው። ሱቁ ሊኖር፣ ሽማግሌውም ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ መታጠፊያው ግን ያው መታጠፊያ ነው።

በሀርሊ አቀራረብ አድ ሆሚነም ሁልጊዜ ሁለት ተከራካሪ ይፈልጋል፤ አንዱ ምክንያት ያቀርባል፣ ሌላው ምክንያቱን አልፎ ወደ ሰውየው ይዞራል። ስለዚህ «ባለፈው የዕቁብ ገንዘብ አጉድሏል፤ ዳኛ አድርገን አንመርጠውም» ማለት ፋላሲ አይደለም። ድምዳሜው ስለ ሰውየው ስለሆነ ጠባዩ ራሱ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል በቂ ምክንያት ዘርዝሮ መጨረሻ ላይ «ደንቆሮ» የሚል ሰው ባለጌ ነው እንጂ ሎጂኩ አልተነካም። ድምዳሜው ስለ ሰውየው ካልሆነ፣ ስለ እሱ የተባለውን ሰርዞ የቀረው ድምዳሜውን ይሸከም እንደሆነ ማየት ጥሩ መፈተኛ ነው።

ምስክርነት ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ፍትሐ ነገሥት እነማን ለምስክርነት እንደማይበቁ ይዘረዝራል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 137 መስቀለኛ ጥያቄ የምስክሩን ቃል ስሕተት፣ አጠራጣሪነት ወይም ሐሰት እንዲያሳይ ይፈልጋል። «አይቻለሁ» የሚል ሰው የሚያቀርበው ራሱን ነው፤ ዓይኑም ጥቅሙም ይመረመራል። «ምክንያቱም» ብሎ የሚከራከር ግን ምክንያቱን ከእጁ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። እኔ እንደማየው ተማሪ ከሦስቱ መልኮች በፊት መያዝ ያለበት ይህን ልዩነት ነው።

አድ ሆሚነም የሚለው ስያሜ ራሱ ትርጉሙ ተንሸራትቷል። አርስቶትል ከቆጠራቸው 13 ስሕተቶች ውስጥ በዛሬው መልኩ አይገኝም። ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አድ ሆሚነም ሲል ተከራካሪን በራሱ እምነት ማስጨነቅን ማለቱ ነበር፤ ፋላሲ ብሎም አልፈረጀውም። አውስትራሊያዊው ቻርልስ ሃምብሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የመማሪያ መጻሕፍት የፋላሲ አያያዝ ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠና ያረጀ ነው ብሎ ወቅሷል።

የእኛ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ስም ይጠይቃል። የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና የሆነው ኤልሳት ግን ስም አይጠራም፤ «የሐሳቡን ምንጭ በመንቀፍ ሐሳቡን ውድቅ ያደርጋል» ብሎ ድርጊቱን ይገልጻል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ የእንቆቅልሽ ክፍሉ ቀርቶ ከሦስቱ ነጥብ ከሚያዝባቸው ክፍሎች ሁለቱ እንዲህ ክርክርን የሚመረምሩ ሆነዋል።

የፈተናው ማጥመጃ ብዙ ጊዜ ግስ ላይ ነው። መድኃኒት አምራች የሚከፍለው ተመራማሪ «መድኃኒቱ ደህና ነው» ካለ፣ «ጥቅም ስላለው ውጤቱ በሌላ ወገን ይጣራ» የሚለው መልስ አስተዋይ ነው። «ጥቅም ስላለው ውጤቱ ሐሰት ነው» የሚለው ግን ወድቋል።