ወረርሽኝና የሕንፃ ሥራ ክርክር በጎንደር ደጋ

የሕንፃ ሥራ ውል ሙግት ከሌላው ሙግት የሚለየው፣ ዋናው ማስረጃ ያለው በመዝገብ ሳይሆን በመሬት ላይ በመሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር እንመረምራለን፤ ወረርሽኝ ተቋራጩን ከኀላፊነት ነጻ የሚያወጣው መቼ ነው? ችሎት በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጋስ ማስረጃው እንዴት ይጠበቃል?

የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስቸኳይ ከሆኑት ጉዳዮች በቀር ሌላውን አቆዩ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስብሰባ ተወሰነ፤ የሕዝብ ማመላለሻ የሚጭነው ሰው ተቀነሰ። የሕንፃ ሥራ ግን በጠቅላላው አልተከለከለም። የክርክሩም ሥር ይኸው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው። ሥራው ከበደ ማለት ብቻ አይበቃም። በቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል፤ በቁጥር 1794 ግን የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር አይቆጠርም። እንግዲህ በደባርቅ ትምህርት ቤት የሚሠራ ተቋራጭ «ሲሚንቶ ተወደደብኝ» ቢል በዚህ መንገድ አይረታም። «ሠራተኞቼ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ» ቢል ግን፣ መዘጋቱንና በአካባቢው ሌላ ሠራተኛ አለመገኘቱን ማስረዳት አለበት። ውሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራ ከሆነ፣ ቁጥር 3183 ባልታሰበ ነገር ሚዛኑ ለተናጋ ውል እርዳታ የመጠየቅን በር ይከፍታል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው የፊዲክ ውልም በወረርሽኝ ምክንያት ሠራተኛ ወይም ዕቃ ሲጠፋ ተጨማሪ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ተቋራጩ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል።

በዚህ ላይ የአገሩን አየር ማሰብ ያስፈልጋል። በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ መሠረት የሚቆፈረው በበጋ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ያለፈበት ሥራ፣ ሰኔ ሲገባ ጉድጓዱ በውኃ ስለሚሞላ እስከ ጥቅምት ይቆያል። ዳኛው የታገደውን ቀን ብቻ ቢቈጥር ተቋራጩን ይበድላል፤ ክረምቱን በሙሉ ለወረርሽኙ ቢሰጥ ደግሞ ባለቤቱን ይበድላል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ክልከላው ባይኖር ኖሮ መሠረቱ ከዝናቡ በፊት ያልቅ ነበርን? በጥር ማለቅ የነበረበት መሠረት በመጋቢት ገና ጅምር ከነበረ፣ መዘግየቱ ከበሽታው ይቀድማል።

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ልኬት ነው። ሆኖም ቀጠሮ ሲራዘም ዝናቡ ጉድጓዱን ይደረምሰዋል፤ ወይም ሌላ ተቋራጭ ይገባና ብረቱን በኮንክሪት ይሸፍነዋል። በፕላዝማ የሚደረግ ችሎት፣ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የታወቀው የቴክኖሎጂ አጠቃቀምም፣ የምስክሩን ፊትና ድምፅ ያቀርባል፤ የመሠረቱን ጥልቀት ግን አይለካም።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፤ ችሎት በወረርሽኝ ሲዘጋ የሥራውን ቦታ መመርመር ከአስቸኳይ ጉዳዮች ጋራ ይቈጠር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 132 ጀምሮ ቦታ የሚመረምር ሰው መላክን ይፈቅዳል፤ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ መሐንዲስና ሁለቱ ተከራካሪዎች ተራርቀው በሜዳ ቢቆሙ ለጤና የሚያሰጋ ነገር የለም። ልኬቱ ከተጻፈና ፎቶግራፉ ከተያያዘ በኋላ ክርክሩ እስኪከፈት ቢቆይ ጕዳቱ ይቀንሳል። ሳይለካ የቆየ እንደ ሆነ ግን የሚረታው እውነት ያለው ሳይሆን በቃል የበረታው ይሆናል፤ የጉልበት ሠራተኛውም ደመወዝ አብሮ ይታገዳል።

ወረርሽኝ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በዚህ ከተማ እንዲቆም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በደምቢያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ሐኪሞች ከዚያ መከራ ትምህርት ቤት አወጡ፤ የሕግ ሰዎችም ከ2012ቱ ቢያንስ አንድ የአሠራር ደንብ ልናወጣ ይገባናል።