«ለዘመዴ ቢሆንማ እሰጣለሁ»፦ ስለ ደም ልገሳ ሐረር ውስጥ የሚወራው እውነት ወይስ ተረት?

ሐረር ውስጥ ደም መለገስን የሚነቅፍ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የጠየቀ «እሱማ ትልቅ ጽድቅ ነው» የሚል መልስ አያጣም። «አንተስ ሰጥተህ ታውቃለህ?» ሲባል ግን ጨዋታው ይቀየራል። አንዱ ደሜ ትንሽ ነው ይላል፤ ሌላው መርፌውን እፈራለሁ ይላል፤ ብዙው ደግሞ ዘመድ ቢታመምብኝማ አልሰስትም ነበር ብሎ ይምላል። በከተማዋ ነዋሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም የታዘበው ይህንኑ ነው፤ ለልገሳ ቀና አመለካከት ያለው ሰው ደም ሰጥቶ ከሚያውቀው በእጅጉ ይበልጣል።

ነገሩ የከተማዋ ሰው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሐረር ግን ለአካባቢው ሁሉ የሕክምና ደጅ ናት። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከሶማሌ ክልልም ጭምር ታካሚ ይመጣበታል፤ ጁገል ሆስፒታልም አለ። በወሊድ የምትደማ እናት፣ መኪና የተገለበጠበት ወጣት፣ ወባ ደሙን የጨረሰበት ሕፃን መድረሻቸው እዚሁ ነው።

በደግ ሰውና በደም ባንኩ መካከል የቆመው ወሬ ነው። ከወሬዎቹ ሁሉ ከባዱ ፍርሃት የወለደው አይመስለኝም። ፍቅር የወለደው ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

«ዘመዴ ሲታመም እሰጣለሁ፤ ደግሞም የዘመድ ደም ይሻላል»

ተረት ነው፤ ሥር የሰደደው ግን በራሳችን አሠራር ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም አገልግሎት ከጀመረበት ከ1969 እ.ኤ.አ. አንስቶ ለረጅም ዘመን የሆስፒታሎቻችን ልማድ ምትክ ደም ነበር፦ ለታካሚህ ደም ሲሰጥ ቤተሰብህ ይተካል። ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዱ የፈራበት ሰው ከደጅ «ወንድሜ ነው» የሚባል ባለ ዋጋ ያፈላልግ ነበር። አገልግሎቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሲዛወር መሠረቱ በፈቃደኛ ለጋሽ ላይ እንዲሆን ተደረገ። አሠራሩ ተለወጠ፤ ልባችን ግን አሁንም አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል።

መጠበቁ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከወሊድ በኋላ የምትደማ እናት ታሳያለች። ካልታከመች በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በዚያ ሰዓት ባልየው ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር እየሮጠ ሰው ሰብስቦ ቢመጣ እንኳ፣ የተቀዳው ደም ዓይነቱ መለየት አለበት፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ መመርመር አለበት፤ ከእሷ ደም ጋር መስማማቱም መታየት አለበት። ያንን እናት የሚያድናት ከሳምንት በፊት አንድ የማያውቃት ተማሪ ሰጥቶት፣ ተመርምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ከረጢት ነው። ይህን ለሐረር ሰው ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። መረዳጃው አፎቻ ሰው እስኪሞት ጠብቆ መዋጮ አይጀምርም፤ እድርም እንዲሁ። ሐዘን ቤት ድረስ የሚደርሰው ቀድሞ ስለተዋጣ ነው።

«የዘመድ ደም ይሻላል» የሚለው ደግሞ ሕክምናው ራሱ ተቃራኒውን የሚናገርበት ነገር ነው። በተለገሰ ደም ውስጥ የሰጪው ነጭ የደም ሴሎች ይገኛሉ። ብዙውን ጊዜ የተቀባዩ ሰውነት እንግዳ መሆናቸውን ለይቶ ያጠፋቸዋል። ሰጪው አባት፣ ልጅ ወይም ወንድም ሲሆን ግን ተመሳስለው ሊያልፉ፣ ተራብተውም የተቀባዩን አካል ሊያጠቁ ይችላሉ። እምብዛም የማያጋጥም ነገር ነው፤ ካጋጠመ ግን የሚተርፍ ሰው ጥቂት ነው። መሣሪያው ያላቸው ሆስፒታሎች የቅርብ ዘመድ ደም ከመስጠታቸው በፊት በጨረር የሚያክሙትም ለዚህ ነው። ገና የምትወልድ ሚስትም የባሏን ደም ባትወስድ ይመረጣል፤ ሰውነቷ በባሏ ደም ላይ የሚያዘጋጀው መከላከያ ነገ በሚጸነሰው ልጅ ላይ ሊዞር ይችላልና።

ሌላም አለ፤ ይኼ የሕክምና ሳይሆን የሰው ጠባይ ጉዳይ ነው። አማት፣ አክስትና ጎረቤት ከበውት ለልገሳ የተቀመጠ ሰው ነርሷ የግል ሕይወቱን ስትጠይቀው እውነቱን ይናገራል? በፈቃዱ ብቻውን የመጣ ሰው «ዛሬ ይቅርብኝ» ብሎ ቢመለስ የሚታዘበው የለም።

«ደሜን ይሸጡታል»

አይሸጡትም። ደም ባንኩ ለሆስፒታሎች የሚያቀርበው ያለ ዋጋ ነው፤ ለከረጢቱ፣ ለምርመራውና ለማቀዝቀዣው የሚወጣውን መንግሥት ይሸፍናል። ለጋሹም አይከፈለውም፤ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው በሽታውን ይደብቃልና። «ታዲያ ትናንት የሰጠነው የት ደረሰ?» ለሚለው ደግሞ፣ የተለገሰ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው ለ35 ቀናት ያህል ነው። ፕላትሌት የሚባለው ደም የሚያረጋው ክፍል ተለይቶ ከወጣ ዕድሜው 5 ቀን ነው። ለልገሳ በዓመት አንድ ቀን ግር ብሎ መውጣት የማይበቃውም ስለዚህ ነው። ተማሪው ዋነኛ ለጋሽ ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ጾም ሲገባም፣ ማቀዝቀዣው ይሳሳል።

«ደሜ ትንሽ ነው፤ ከሰጠሁ እደክማለሁ»

በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ደም አለ። የሚወሰደው ቢበዛ 450 ሚሊ ሊትር ነው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጅባቸዋል። እኛ አገር በሁለት ልገሳ መካከል ሦስት ወር የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ደምህ ትንሽ ይሁን ብዙ የሚወስነው ደግሞ ግምትህ አይደለም፤ ጣትህ ተወግቶ የሄሞግሎቢንህ መጠን ይለካል፣ ካነሰ ትመለሳለህ። እንዲያውም የደም ማነሱን እዚያ ወንበር ላይ የሚያውቅ ሰው አለ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው መስጠት ይችላል። ሴትም ትሰጣለች፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ትቆያለች።

ግማሽ እውነትም አለው። አንዳንዱን ያዞረዋል፤ በተለይ ቁርስ ሳይበላ የመጣውንና ተነሥቶ ወዲያው ወደ ሥራ የሚሮጠውን። ውኃ ጠጥቶ መምጣት፣ ከጨረሱ በኋላ ትንሽ አረፍ ማለት፣ በዚያ ቀን ከባድ ሸክም አለማንሣት ይበቃል።

«ደም ስሰጥ እግረ መንገዴን ኤች አይ ቪዬን አውቃለሁ»

ብልህነት የሚመስለው ይህ ከሁሉ አደገኛው ነው። ቫይረሱ ገና ሰውነት የገባ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ምርመራው ነጻ ሊለው ይችላል፤ ደሙ ግን ያስተላልፋል። በራሱ የተጠራጠረ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ምርመራው ያለ ክፍያ ነው፣ ምሥጢሩም ይጠበቃል። በአንጻሩ «ከመርፌው በሽታ ይይዘኛል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ መርፌው ከከረጢቱ ጋር ታሽጎ የመጣ፣ ለአንድ ሰው ብቻ አገልግሎ የሚወገድ ነው።

በምርመራ የማይተካ ሌላም ጥያቄ አለ። ሐረር ወይና ደጋ ናት፤ የሐረር ነጋዴ ግን ድሬዳዋም ኤረር ሸለቆም ባቢሌም ይውላል ያድራል፤ ቆላውም ወባ ያለበት ነው። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ተደብቆ በማቀዝቀዣ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ነርሷ «በቅርቡ ትኩሳት ነበረህ?» ስትል ጊዜ እየፈጀች አይደለም።

«መጥፎ ደም ይወጣልኛል»

ዋገምት በለመደ አገር ይህ አያስገርምም። ነገር ግን ክንድ ላይ የሚወጣው ደም ልብ ውስጥ ካለው አይለይም፤ ሰውነት መጥፎውን ለይቶ የሚያስቀምጥበት ጓዳ የለውም። መጥፎ ከሆነማ ለሕፃን እንዴት ይሰጣል? የደም ግፊት ያለበትም ሰው ልገሳን እንደ መድኃኒት አይቁጠረው፤ ክኒኑን ይዋጥ።

«ሃይማኖቴ አይፈቅድም»

ዩኔስኮ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል 82 መስጊድና 102 የወሊዮች ስፍራ መዝግቧል፤ በእንዲህ ያለ ከተማ ይህን ጥያቄ በወፍ በረር ማለፍ አይቻልም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በየካቲት 1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ተሰብስቦ፣ እንደ ደምና ቆዳ ያለ ራሱን የሚተካ የአካል ክፍል ከሰው ወደ ሰው መዛወሩን፣ ሰጪው አቅመ አዳምና ፈቃደኛ እስከሆነ ድረስ፣ ፈቅዷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመንም ቢሆን የሚከለክለው ቀኖና የለበትም።

የሚያከራክረው የጾሙ ሰዓት ነው። በሐረር የተለመደው የሻፊዒ መዝሀብ ዋገምት ጾም አያፈርስም ሲል የሐንበሊ ያፈርሳል ይላል፤ የደም ልገሳም ጥያቄ ከዚያ ይመዘዛል። ፍርዱን ለዑለማዎቹ እተዋለሁ። የሐኪሙ ሥጋት ሌላ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ውኃ ያልቀመሰ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ከኢፍጣር በኋላ፣ ወይም ሸዋል ኢድ አልፎ ሰው በልቶ በጠገበበት ሰሞን መስጠት ሁለቱንም ያስታርቃል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም በልቶ ጥቂት ቆይቶ ይምጣ።

«ጫት የሚቅም ሰው አይሰጥም»

እዚህ ከተማ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ደም ባንኩ ግማሽ ሰዉን ባጣ ነበር። እውነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ምግብም ይዘጋል፤ ግፊቱ ከልክ ያለፈ ሰው ደግሞ በዕለቱ አይወሰድለትም። ስለዚህ ከበርጫ በፊት፣ ጠዋት፣ ቁርስ ተበልቶ።

«ቀይ ስር ደም ይተካል»

ቀለሙ ነው ያሳተን። ለቀይ የደም ሴል የሚያስፈልገው ብረት ከቀይ ስር ይልቅ በጉበት፣ በሥጋና በምስር ውስጥ ይገኛል፤ ሎሚና ብርቱካን ደግሞ ከእህል የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛሉ። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያግዱታል። የሐረር ሰው ቡና ይተው የሚል ደፋር የለም፤ ደም የሰጠ ሰው ምሳውን ከበላ በኋላ ቆየት ብሎ ጀበናው ቢጣድለት ይሻላል።