ሁለት ሆኖ ማዜም ለድምፅ ትምህርት ያለው ጥቅም

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ ወለቃ ይገኛል። በዚህ አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት፣ ቄሶቻቸው በግዕዝ ሲጸልዩ አንዱ ይመራ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ ነበር። በጎንደር አድባራትም የአቋቋም ሊቃውንት በቀኝና በግራ ቆመው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ሁለቱ ሥርዓቶች በሃይማኖት ቢለያዩም፣ ዘማሪው የባልንጀራውን ድምፅ እየሰማ የራሱን እንዲያቃና ማድረጋቸው ያመሳስላቸዋል። ይህ ልማድ ክላሲካል ዘፈን ለሚማር ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ብዙውን ጊዜ ተማሪው የሚለማመደው ብቻውን በፒያኖ እየታገዘ ነው። ፒያኖው ድምፁን አስቀድሞ ስለሚሰጠው ጆሮው ፈልጎ ማግኘትን አይለምድም። ከዚህም በላይ ፒያኖ በሁሉም ቅኝት እንዲያገለግል ሲባል የድምፆቹ ርቀት በእኩል የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ታላቁ ሦስተኛ የሚባለው የድምፅ ርቀት ከተፈጥሯዊው የ5 ለ4 ንጽጽር ጥቂት ይሰፋል። ሁለት ሰዎች ያለ መሣሪያ ሲያዜሙ ግን የድምፃቸው አለመገጣጠም እንደ መርገብገብ ሆኖ ይሰማል፤ ሲስተካከሉም መርገብገቡ ይጠፋል። የሀንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ በ1941 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሁለት ድምፅ መልመጃ ያዘጋጀው ተማሪዎች በትክክል ማዜምን እንዲለምዱ ነው።

ነገር ግን አንድ አደጋ አለ። ደካማው በብርቱው ድምፅ ተሸፍኖ ያወቀ ሊመስል ይችላል፤ ብቻውን ሲቆም ግን ዜማው ይጠፋበታል። መፍትሔውን ከቅብብሎሹ ሥርዓት እናገኛለን፤ ተራው የደረሰ ሰው የሚደበቅበት የለውምና።

ስለዚህ ትምህርቱ በሦስት ደረጃ ቢሰጥ መልካም ይመስለናል። በመጀመሪያ ሁለቱ ተማሪዎች አንዱን ዜማ ሐረግ በሐረግ ይቀባበሉ። ቀጥሎ አንደኛው አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆይ ሌላኛው በላዩ ያዚም። በመጨረሻም ሁለት የተለያዩ ዜማዎችን ባንድነት ያዚሙ፤ ድርሻቸውንም ይለዋወጡ። ሁልጊዜ ብርቱው ብቻ መሪ ከሆነ ደካማው ተቀባይ ሆኖ ይቀራል። መምህሩም ተማሪዎቹን ሲያጣምር የድምፃቸውን መስማማት ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ሌላውን ለመስማት ያለውን ትዕግሥት ጭምር ይመልከት። ማዜም ከመስማት ይጀምራልና።