ስለ ውፍረትና በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ምክር

በአገራችን ሰው ሲወፍር «አማረበት፤ ተመቸው» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ረኃብን ያየ ሕዝብ የሞላ ገላ ቢወድ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ከልክ ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ስለ ሆነ፣ የእንጅባራና የዳንግላ ነዋሪዎች፣ ይልቁንም መምህራን፣ ነገሩን ሊያስቡበት ይገባል።

ልኩ የሚታወቀው በሒሳብ ነው። ቁመት በሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ የሰውነት ክብደት በኪሎ ግራም ለዚያ ይካፈላል። ውጤቱ 25 ሲደርስ ክብደቱ በዝቷል፤ 30 ሲደርስ ውፍረቱ በሽታ ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት 77 ኪሎ ብትመዝን 30 ደርሳለች ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል ከመቶ 8ቱ ክብደታቸው የበዛ ሲሆን 22ቱ ግን ከልክ በታች የከሱ ነበሩ። ውፍረቱ የሚበዛው በከተማ ነው። ስለዚህ በባጃጅ ለሚመላለስ ነጋዴ የሚነገረው ምክር ድንች ሲኮተኩት ለሚውል ገበሬ እንዳለ አይነገርም። ቆሞ የሚቀለብ ፈረስ ምን እንደሚሆንም ለአዊ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1994 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ አገር ምርመራ፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው ከመቶ 7 እጅ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በመካሪ ሲረዱ፣ መደበኛ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ በበሽታው የመያዛቸው ነገር ከመቶ 58 እጅ እንደ ቀነሰ አሳየ። ይኸው ትምህርት በኋላ ሐኪም ቤት ለራቃቸው ሰዎች ጭምር በኢንተርኔት ይሰጥ ጀመር። ተማሪው በየሳምንቱ አንድ ትምህርት ይቀበላል፤ ራሱን ይመዝናል፤ የበላውንና የተራመደውን ይጽፋል፤ መካሪውም አይቶ ይመልስለታል። ኃይሉ ከስልኩ ይልቅ በመጻፉና መልስ በማግኘቱ ላይ ነው፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ከሌለ ብዙዎች ቶሎ ይተዉታል።

እንግዲህ ኔትዎርክ በሚጠፋበት ቦታም ቢሆን አንድ ደብተር፣ አንድ ሚዛንና በየሳምንቱ ደብተሩን የሚያይ የጤና ባለሙያ ሊገኝ ይችላል። ሁለት መምህራን ደብተር ቢለዋወጡም መልካም ነው። የሚጻፈውም ጥቃቅኑ ነገር ነው። አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ትንሽ ማንኪያ ስኳር የጠጣ ሰው 48 ግራም ያህል ስኳር ወስዷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ የወሰነው ጣሪያ ደግሞ በቀን 50 ግራም ገደማ ነው። ጾምም ሥጋንና ቅቤን እንጂ ዘይትን ስለማያስቀር፣ በጾም ወራት የወጡ ዘይት መጻፍ አለበት።

በስልክ የማክሻ መድኃኒት እንሸጣለን ከሚሉ ሰዎች መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያ ከዚህ ትምህርት ጋር ግንኙነት የለውም። ነፍሰ ጡር ሴትና የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክሩ ምግባቸውን መቀነስ የለባቸውም።