ስለ ሁለት የአደን ጠመንጃዎች አመራረጥ

በካርቱም ከተማ በምሥራቅ በኩል፣ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር አለ። ከጣና ተነሥቶ፣ በመንገዱም ዲንደርንና ራሃድን ተቀብሎ የሚወርደው ውሃ በዚሁ ሰፈር አጠገብ አልፎ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። የእነዚህ ወንዞች ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የአደን አገር ነው። ኢንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና በ1862 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአትባራ፣ በሰቲት፣ በራሃድና በዲንደር በኩል እያደነ ዞሮ በመጨረሻ ካርቱም ገባ። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ከአፉ ባሩድና እርሳስ እየጎረሰ ይተኮስ ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያው ጥይት የሳተ እንደ ሆነ አዳኙ የሚተማመነው በፈረሱ እግር ወይም ሁለተኛ ጠመንጃ ይዞ በሚከተለው አሽከሩ ልብ ነበር። በሰቲት ዳር የሚኖሩት የሐምራን ዐረቦች ደግሞ ዝሆንን በሰይፍ ብቻ ይገጥሙ እንደ ነበር ይኸው ሰው በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል።

ሁለተኛውን ጥይት ቶሎ ለማግኘት የነበረው ምኞት ዛሬ እጅግ በቀላሉ ተፈጽሟል። ቃታውን በሳቡ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ፣ ቀለሁን ራሱ አውጥቶ ሌላ ጥይት ራሱ የሚያጎርስ የአደን ጠመንጃ ገንዘብና ፈቃድ ላለው ሰው ይገኛል። ችግሩ አሁን ምርጫው ላይ ነው።

በ2023 የተነሣው ጦርነት ካርቱምን የውጊያ ስፍራ ከማድረጉ በፊት፣ በአል-ማንሺያ ይኖሩ የነበሩ አንድ ነጋዴ ወገናችን ሁለት እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች ቀርበውላቸው፣ የሁለቱን የመመሪያ ደብተር ወደ አማርኛ እንድመልስላቸው ለመኑኝ። አንደኛው የአሜሪቃው ሬሚንግተን 742፣ ሁለተኛው በቤልጅግ የተሠራው ብራውኒንግ ባር ነበር። ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግረዋል። ሁለቱም ባዶአቸውን ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናሉ። የተለመደው አፈሙዛቸው ወደ 56 ሣንቲሜትር ይደርሳል፤ ካዝናቸውም አራት ጥይት ይይዛል። በ30-06ም በ308ም ልክ ተሠርተዋል። ሁለቱም የሚንቀሳቀሱት በባሩዱ ጋዝ ኀይል ሲሆን፣ መዝጊያቸው እየዞረ በጥርሶች ይቆለፋል። ዕድሜያቸው እንኳ ተቀራራቢ ነው፤ ሬሚንግተኑ በ1960፣ ባሩ በ1967 ለገበያ ወጡ። ስለዚህ ሻጩ «ያው ናቸው፤ ርካሹን ይውሰዱ» ቢል ከደብተሩ አንጻር ሐሰተኛ አይባልም።

ወደ ልዩነታቸው ከመግባታችን በፊት ግን፣ በጽሕፈት ቤት ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ስለ አንድ ቃል ማስታወስ ይገባል። በእኛ አገር አነጋገር ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ ሁሉ «አውቶማቲክ» ይባላል። በሕግ ዘንድ ግን ቃታው አንድ ጊዜ ተስቦ ሳይለቀቅ ጥይት የሚያርከፈክፈው መሣሪያ አንድ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥይት ቃታው እንደ ገና መሳብ ያለበት መሣሪያ ሌላ ነገር ነው። የኋለኛው ግማሽ አውቶማቲክ ይባላል። በ1968 በአልጀርስ የተፈረመው የአፍሪቃ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ስምምነት፣ ከከለከላቸው የአደን ዘዴዎች መካከል በአንድ የቃታ ስበት ከአንድ ጥይት በላይ የሚተኩሰውን መሣሪያ የጠቀሰው ይህን ልዩነት ጠብቆ ነው። የኤውሮፓ መንግሥታት በ1979 በበርን ያደረጉት ስምምነት ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ግማሽ አውቶማቲኩም ቢሆን ከሁለት ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ያለው እንደ ሆነ በተከለከሉት ዘዴዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በኤውሮፓ ለሚሸጡት የአደን ጠመንጃዎች ሁለት ጥይት ብቻ የሚይዝ ካዝና መሠራቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ላይ «ባር» የሚለው ስም ራሱ ችግር ያመጣል። ጆን ብራውኒንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪቃ ጦር የፈለሰፈው፣ በ1918 የተመዘገበው ቀላል መትረየስ በዚሁ አሕጽሮት ይጠራል። ብራውኒንግ በ1926 በቤልጅግ በሥራው ላይ እንዳለ ሞተ፤ የአደኑን ባር ያወጣው የልጅ ልጁ ብሩስ ብራውኒንግ ነው። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ከስምና ከቤተ ሰብ በቀር ዝምድና የለም። ነገር ግን በጉምሩክ ቅጽ ላይ «ብራውኒንግ ባር» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ አንድ ጠንቃቃ ሹም ዕቃውን ይዞ ቢያቆይ የሚፈረድበት አይመስለኝም። አስመጪው ነጋዴ ዓይነቱን፣ የጥይቱን ልክ፣ የካዝናውን መጠንና የመሣሪያውን ቁጥር በሙሉ ቢያስጽፍ ብዙ ወራት ከመመላለስ ይድናል። በሀገራችንም በ2020 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ስለሚከለክል፣ ፈቃዱ ከዕቃው መቅደም አለበት።

አሁን ወደ ጠመንጃዎቹ ሆድ እንግባ። ጥይቱ ሲተኮስ እርሳሱን ከሚገፋው ጋዝ ጥቂቱ በአፈሙዙ ላይ ባለች ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ኋላ የሚገፋ ብረት ይመታል። ያም ብረት መዝጊያውን አዙሮ ይከፍታል፤ ቀለሁ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ሞላው ተጨምቆ እንደ ገና ሲዘረጋ መዝጊያውን መልሶ ከካዝናው አዲስ ጥይት እየገፋ ያስገባል። ይህ ሁሉ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። መዝጊያው የሚመላለሰው በጠመንጃው ቤት ውስጥ በተቀረጹ ሁለት መንገዶች ላይ ነው፤ የሬሚንግተን 742 ዋና ጉድለትም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። መዝጊያው ወደ ኋላ ሲወረወር የራሱ ማዕዘኖች መንገዶቹን ይጎደፍራሉ። ጉድፉ ከዓመት ዓመት እየጠለቀ ሲሄድ መዝጊያው መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም መሰንቀር ይጀምራል። ሌላው ብረት ሁሉ በአዲስ ሊለወጥ ይችላል፤ መንገዶቹ ግን ከቤቱ ጋር አንድ አካል ስለ ሆኑ፣ እነርሱ ካለቁ ጠመንጃው አለቀ ማለት ነው፤ ማሳደሱ ከዋጋው በላይ ያስወጣል። ሬሚንግተን 742 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የተሸጠ፣ በአሜሪቃ ጫካ ብዙ አጋዘን የጣለ ጠመንጃ ስለ ሆነ ስሙን በከንቱ ማጥፋት አይገባም። በዓመት አንድ ሳጥን ጥይት ለማይጨርስ አዳኝ ዕድሜ ልኩን ሊያገለግለው ይችላል። ብዙ ለሚተኩስና ጠመንጃውን ሳይወለውል ለሚያስቀምጥ ሰው ግን አይሆንም።

ባሩ ይህ ጉድለት በዚህ መልክ አይነገርበትም። የመዝጊያው ራስ በሰባት ጥርስ ይቆለፋል፤ አሠራሩም ጠንካራ ስለ ሆነ ኀይለኛ ለሆኑት ለ7 ሚሊሜትር ማግነምና ለ300 ማግነም ጥይቶች ጭምር ሊሠራ ተችሏል። የሚነቀፍበት ሌላ ነገር ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ውስጡም በብዙ ትናንሽ ብረቶች የተሞላ ስለ ሆነ፣ ከተራው ወልዋይ እጅ አልፎ የሚፈታው እንደ ሆነ የሚገጥመው ሰው አይገኝም። አንድ ጠመንጃ አዳሽ በትኖ፣ ሞላዎቹን በጨርቅ ቋጥሮ ለባለቤቱ የመለሰውን ባር አይቻለሁ።

ካርቱምን የሚያውቅ ሰው ሀቡብ የሚባለውን የአቧራ ማዕበል ያውቃል። ቀኑን የሚያጨልመው ያ ትቢያ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ እንኳ ይገባል። በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ትቢያ ቢገባበት የባለቤቱ ክንድ ያስገድደዋል፤ በጋዝ የሚሠራው ግን ከተለካለት ኀይል በላይ የለውም። ስለዚህ በሁለቱም ዘንድ ጥይቱ የሚያድርበት ጉሮሮ እንዳይዝግ፣ የጋዙም መንገድ በጥላሸት እንዳይደፈን ከተኩስ በኋላ ወዲያው መወልወል ግድ ነው። ዘይት ማብዛት ግን ትቢያን መጋበዝ ነው። የሬሚንግተኑ ጉሮሮ አንድ ጊዜ በዝገት ከተበሳሳ ቀለሁ አልወጣም ይላል፤ ያን ጊዜ አራቱ ጥይት ሁሉ እንደ አንድ ይቆጠራል።

ስለ ጥይት የሚነገረው ለነጋዴ አንባቢያችን በተለይ ይስማማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ገበያ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ውጅግራ በ1874 በፈረንሳይ የወጣ፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ ከእርሱ የሚሻል በዓለም ላይ ሞልቶ ነበር። ሆኖም ጥይቱ በየገበያው ይገኝ ስለ ነበረ ጠመንጃው ተፈላጊ ሆኖ ቆየ። ጥይት የማይገኝለት መልካም ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። በእኛ ምርጫም ላይ ይኸው ይመጣል። በአያቶቻችን ቤት የታወቀው ቤልጅግ የሚጎርሰውን የ7.92 ጥይት ከእነዚህ ሁለት ጠመንጃዎች አንዳቸውም አይጎርሱም። 30-06 በ1906 በአሜሪቃ የጸደቀ፣ የቃኘው ሻለቃ በኮርያ የተኮሰው ጥይት ነው፤ 308 ደግሞ በ1954 የሰሜን አትላንቲክ ጦር ቃል ኪዳን አገሮች ለጦራቸው ከተቀበሉት ከ7.62 ጥይት ጋር አንድ መልክ አለው። ከጦር ሠራዊት ጥይት ጋር የሚመሳሰል ልክ ግን በአንዳንድ አገር ለሲቪል ሰው አይፈቀድም፤ ፈረንሳይ እስከ 2013 ድረስ እንዲህ ዓይነቱን ልክ ከጦር መሣሪያ ጋር ትቆጥር ነበር። ስለዚህ ገዢው በየትኛው ልክ እንደሚፈቀድለትና ጥይቱ በሕጋዊ ሱቅ በምን ዋጋ እንደሚገኝ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ጠመንጃውን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የመለዋወጫውም ነገር እንዲሁ ነው። ሬሚንግተን 742 በ1981 በሌላ ዓይነት ተተካ። ኩባንያው ራሱ በ2018 እና በ2020 ሁለት ጊዜ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀርቦ በኋላ ተከፋፍሎ ተሸጠ። ብረት የሚፈልግ ሰው ከአሮጌ ጠመንጃ የተፈታውን ከመለቃቀም በቀር መንገድ የለውም። ባር ግን መልኩ እየተሻሻለ እስከ ዘመናችን መሠራቱን ቀጥሏል፤ ምንም እንኳ ከ1993 ወዲህ የወጣው ብረት ከቀድሞው ጋር ሁሉ ባይጋጠም፣ ቢያንስ ደብዳቤ የሚጻፍለት ፋብሪካ አለ።

እንግዲህ ለነጋዴው የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር፤ ዋጋው የማይጎዳዎት ከሆነ ባሩን ይውሰዱ። ሰዓት የማይቸኩልበት፣ በዓመት አንዴ ብቻ ለአደን የሚወጣ ሰው ከሆኑ ደግሞ ሁለቱንም ትተው በእጅ የሚቀባበለውን ቢመርጡ በበኩሌ አልቃወምም። የደጋ አጋዘን ለማደን የሚሰጠው ፈቃድ ለአንድ አውሬ ነው፤ አንድ አውሬ ደግሞ ተረጋግቶ ለሚተኩስ ሰው አንድ ጥይት ይበቃዋል። ሁለተኛው ጥይት በቅርብ መኖሩ የመጀመሪያውን በችኰላ እንዲያባክኑ የሚያደርጋቸው አዳኞች ጥቂት አይደሉም፤ ቈስሎ የሸሸውን አውሬ በቁጥቋጦ ውስጥ መከተልም ለአውሬውም ለሰውም መከራ ነው።

ርካሹን 742 ካልገዛሁ የሚል ሰው ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ካዝናውን አውጥቶ፣ ጉሮሮው ባዶ መሆኑን በዐይኑም በጣቱም አረጋግጦ፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቦ ይያዘው። ከዚያም በመብራት ውስጡን እየተመለከተ ጥፍሩን በሁለቱ መንገዶች ላይ ቀስ አድርጎ ይጎትት። ጥፍሩ በጉድፍ የተያዘ እንደ ሆነ፣ እንጨቱ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ፣ ጠመንጃውን ለሻጩ ይመልስ።